የቅድመ ማስጠንቀቂያ ሥርዓት ምንድን ነው?

ቅድመ ማስጠንቀቂያ ሲባል ብዙ ሰው የዝናብ ትንበያን ያስባል። ትንበያው ግን የሥርዓቱ አንድ ክፍል ብቻ ነው፤ ቅድመ ማስጠንቀቂያ ማለት አደጋ ሳይደርስ ምልክቶቹን መሰብሰብ፣ ትርጉማቸውን መለየት፣ ለሚመለከተው ሰው ማድረስና አስቀድሞ የተወሰነውን እርምጃ በጊዜው መውሰድ ነው።

ወሎ ውስጥ የድርቅ ምልክት የሚጀምረው ከበልግ ነው። ከየካቲት እስከ ግንቦት የሚጠበቀው ይህ ዝናብ እንደ ደላንታና ወረኢሉ ባሉ ደጋዎች ገብስ የሚበቅልበት ሲሆን፣ እንደ ቆቦና ቃሉ ባሉ ቆላማ ቦታዎች ደግሞ ለመድረስ ረጅም ጊዜ የሚፈጀው ማሽላ የሚዘራው በዚሁ ዝናብ እርጥበት ነው። በልግ ሲቀር የደጋው ገበሬ የሰኔ ምርቱን ያጣል፤ የቆላው ገበሬ ማሽላውን ትቶ ቶሎ ወደሚደርሰው ጤፍ ወይም ሽምብራ ይዞራል። ይህን ያየ የቀበሌ የግብርና ባለሙያ ችግሩን ለማወቅ የመኸሩ ምርት የሚሰበሰብበትን ኅዳርን መጠበቅ አያስፈልገውም።

ሌላው ምልክት ገበያ ነው፤ በእኔ ግምት ከሰማዩ ይልቅ የሰውን ችግር የሚናገረው እሱ ነው። የእህል ዋጋ ብቻውን ብዙ አይነግርም፤ መጠየቅ ያለበት አንድ በግ ተሸጦ ምን ያህል እህል ይሸምታል የሚለው ነው። እህል እየተወደደ በግ ሲረክስ ብዙ ሰው ሳይወድ እየሸጠ ነው ማለት ነው። የእርሻ በሬና የዘር እህል ገበያ ከወጡ ግን ማስጠንቀቂያው ዘግይቷል፤ ከ6 ወር እስከ 5 ዓመት ያለ ሕፃን የክንዱ ዙሪያ ከ11.5 ሴንቲ ሜትር ሲያንስማ ጉዳዩ ከማስጠንቀቅ አልፎ ሕይወት ማትረፍ ሆኗል።

ምልክት ማየት ብቻውን እንደማይበቃ ወሎ በ1977 ዓ.ም. አይታዋለች። ከቀድሞው የወሎ ረሀብ በኋላ በ1966 የተቋቋመው የእርዳታ ማስተባበሪያና ማቋቋሚያ ኮሚሽን በመጋቢት 1976 ለለጋሾች አስጠንቅቆ ነበር፤ በዚያን ጊዜ በወሎ ክፍለ ሀገር ሥር የነበረችው የኮረም ሰቆቃ በዓለም ቴሌቪዥን የታየው ግን በጥቅምት 1977 ነው። በመካከሉ፣ በመስከረም፣ የአብዮቱ 10ኛ ዓመት በታላቅ ድግስ ተከብሯል። የጎደለው መረጃ ሳይሆን መረጃውን ተከትሎ የሚነሳ እጅ ነበር።

ስለዚህ አንድ ቀበሌ በእቅዱ ላይ የትኛው ምልክት ሲታይ ማን ምን እንደሚያደርግ ድርቁ ሳይመጣ መጻፍ አለበት። ለምሳሌ በልጉ እስከ ሚያዝያ አጋማሽ ካልጣለ ቀበሌው ቶሎ የሚደርስ ዘር እንዲቀርብለት ወረዳውን ይጠይቃል፤ ቀብርና ኀዘን ሲሆን በየቤቱ መልእክት ማድረስ የለመደው የወሎ ዕድር፣ ቅሬም፣ ገበሬው ዋጋ ሳይወድቅ ከበጎቹ ጥቂቱን እንዲሸጥ በዚያው መንገድ ይነግራል።