«ውሃ የወሰደው ሰው አረፋ ይጨብጣል» የተባለው ለማን ነው?

ይህ ምሳሌያዊ አነጋገር ዛሬ ዛሬ የጨነቀውን ሰው ለመንቀፍ ሲነገር ደጋግሜ እሰማለሁ፤ በከንቱ ይፍጨረጨራል ለማለት ያህል። እኔ ግን አባባሉ የተነገረው ዳር ቆሞ ለሚያየው ሰው ነው ብዬ አምናለሁ። በልጅነታችን ወንዝ ሲሞላ ትልልቆቹ የሚያስጠነቅቁን፣ ውሃ የወሰደው ሰው ያገኘውን ሁሉ ጨምድዶ ስለሚይዝ እጃችንን ከመስጠት ይልቅ ረጅም በትር እንድንዘረጋለት ነበር። አረፋ የሚጨብጠው ሌላ የሚጨበጥ ነገር ያቀረበለት ስለሌለ ነው፤ አባባሉም ከዚህ ምክር የተወለደ ይመስለኛል።

የባሕር ላይ ነፍስ አድን ታሪክም ዳር ያለው ሰው በትሩን እንዴት እንዳስረዘመ የሚናገር ነው። በ1910 (ዓመታቱ ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) ብራስልስ ላይ የተፈረመው ስምምነት፣ የመርከብ አዛዥ የራሱን መርከብና ሰዎች ለከባድ አደጋ እስካላጋለጠ ድረስ፣ በባሕር ላይ ሊጠፋ የተቃረበን ሰው፣ ጠላቱ እንኳ ቢሆን፣ እንዲረዳ አስገደደ። ይሁን እንጂ ጥሪው ካልተሰማ ግዴታው ምን ይፈይዳል? በሚያዝያ 1912 ታይታኒክ ስትሰጥም ካሊፎርኒያን የተባለችው መርከብ በአቅራቢያው ቆማ ነበር፤ ብቸኛው የሬዲዮ ሠራተኛዋ ግን ተኝቶ ነበርና የድረሱልኝ ጥሪው ሳይሰማ ቀረ። ካርፓቲያ የተባለች ሌላ መርከብ ከሩቅ ገስግሳ 700 ያህል ሰዎችን ከጀልባዎች ላይ ስታነሣ 1,500 ያህሉ አልቀው ነበር። በ1914 ለንደን ላይ የተሰበሰቡት አገሮች በመርከቦች ላይ የሬዲዮ ጥሪ ቀንና ሌሊት እንዲደመጥ የተስማሙት ከዚህ ሐዘን በኋላ ነው፤ የዓለም ጦርነት ስምምነቱን ቢያሰናክለውም ሥራው በ1929 እንደገና ቀጥሏል።

ከሁሉ ይልቅ ልቤን የሚነካው የኮስፓስ ሳርሳት ታሪክ ነው። አሜሪካና ሶቪየት ኅብረት በቀዝቃዛው ጦርነት ተፋጠው ሳሉ ከካናዳና ከፈረንሳይ ጋር ሆነው የአደጋ ምልክት የሚቀበሉ ሳተላይቶችን ለማቀናጀት ተስማሙ፤ በመስከረም 1982ም ካናዳ ውስጥ በወደቀች አነስተኛ አውሮፕላን የነበሩ ሦስት ሰዎች የተገኙት በሶቪየት ሳተላይት አማካይነት ነው። መረቡ የተዘረጋው በባሕር ላይ ለጠፉትም ከሰማይ ለወደቁትም ነበር።

በ1979 ሐምቡርግ ላይ የጸደቀውና በ1985 ሥራ ላይ የዋለው የፍለጋና ነፍስ አድን ስምምነት ደግሞ፣ አገሮች የየድርሻቸውን የባሕር ክልል ተረክበው የማስተባበሪያ ማዕከል እንዲያቋቁሙ አደረገ። የዓለም ውቅያኖሶች በ13 አካባቢዎች ተከፍለው የኃላፊነት ዕቅዱ የተሟላው በ1998 ነው።

ስለዚህ ጀልባቸው የተገለበጠባቸው ስደተኞች ዜና ሲነገር ይህን አባባል እንደ ፍርድ የሚጠቅሱ ሰዎች ቢያስተውሉ እወዳለሁ። የሐምቡርጉ ስምምነት እርዳታው እንዲሰጥ የሚያዘው የሰውየው ዜግነትም ሆነ ሕጋዊ ሁኔታ፣ ወይም የተገኘበት አኳኋን፣ ምንም ይሁን ምን ነው።