«ሐዋሳ ሜዳ ነው፤ ዳገት ምን ያደርግልኛል?»፦ ስለ መንጃ ፈቃድ የተግባር ፈተና የተሳሳቱ አመለካከቶች እና እውነታው

ሐዋሳ ውስጥ መኪና መንዳት ማስተማር ከጀመርኩ ብዙ ዓመት ሆኖኛል። አዲስ ተማሪ ገና መሪ ሳይጨብጥ ስለ ፈተናው አንድ ቁና ወሬ ይዞ ይመጣል። ወሬው ከባጃጅ ተራ፣ ከቡና ላይ ጨዋታ፣ ወድቆ ከተመለሰ ዘመድ የተለቃቀመ ነው። ፍሪሲዮን፣ ማርሽ ሲቀየር በግራ እግር የሚረገጠውን ፔዳል፣ ለማስለመድ ጥቂት ቀን ይበቃኛል፤ ወሬውን ከጭንቅላቱ ማውጣት ግን ያደክመኛል። በዚህ ወሬ ምክንያት ማለፍ የሚገባቸው ልጆች ሲወድቁ አይቻለሁ። ሳይዘጋጁ አልፈው አስፋልት ላይ የወጡትንም አይቻለሁ፤ እነሱ ይበልጥ ያስፈሩኛል። ስለዚህ ደጋግሜ የምሰማቸውን አንድ በአንድ ላንሳቸው።

«ሐዋሳ ሜዳ ነው፤ ዳገት ምን ያደርግልኛል?»

ከሁሉም አብዝቼ የምሰማው ይህን ነው፤ ግማሹ እውነት ስለሆነ ለመንቀል ያስቸግራል። ከተማችን የሐይቁ ዳር ሜዳ ላይ የተዘረጋች ናት። ከገብርኤል ቤተ ክርስቲያን እስከ ፍቅር ሐይቅ በእግሩ የሄደ ሰው ትንፋሽ አያጥረውም። ዳገት ሲባል ለብዙዎቻችን ትዝ የሚለን ታቦር ተራራ ብቻ ነው። ተማሪውም «ዳገቱን እንዝለለው ጋሼ፣ ሰዓቱን ለፓርኪንግ እናውለው» ይለኛል።

አልዘለውም። አንደኛ፣ መንጃ ፈቃዱ «ሐዋሳ ላይ ብቻ ንዳ» አይልም። ያለፈው ልጅ በሳምንቱ የአጎቱን መኪና ይዞ ወደ ሲዳማ ደጋ፣ ወደ ሀገረ ሰላም ይወጣል። ሐዋሳ ከባሕር ጠለል በላይ 1,700 ሜትር ገደማ ላይ ናት፤ ሀገረ ሰላም ከ2,500 ሜትር በላይ ነው። ያ ሁሉ ከፍታ የሚወጣው በዳገትና በጠመዝማዛ ነው። ከፊቱ የጫነ አይሱዙ ቆሞ፣ ከኋላው ሚኒባስ ተጠግቶት፣ መኪናውን ወደ ኋላ ሳያንሸራትት ማስነሳት ይኖርበታል። ይህን የመጀመሪያ ጊዜ የሚሞክረው እዚያ ከሆነ ከኋላው ላሉት ሰዎች አዝናለሁ።

ሁለተኛው ምክንያት ለፈተናው ራሱ ነው። ዳገት ላይ የሚለመደው ነገር ፍሪሲዮኑ የሚይዝበትን ቦታ በእግር ማወቅ ነው። የእጅ ፍሬኑን ስባችሁ አንደኛ ማርሽ አስገቡ፤ ፍሪሲዮኑን በቀስታ ስትለቁት አንድ ቦታ ላይ የሞተሩ ድምፅ ዝቅ ይላል፣ ኮፈኑ ቀና ይላል። መኪናው «ያዝኩ» የሚለው እዚያ ነው። ግራ እግራችሁን እዚያው አጽንታችሁ ነዳጅ ትንሽ ትጨምራላችሁ፣ ከዚያ የእጅ ፍሬኑን ትለቃላችሁ። መኪናው አንድ ስንዝር ወደ ኋላ ሳይል ይነሳል። ይህን ቦታ ያወቀ እግር ፓርኪንግ ሲገባም፣ በጋሪና በባጃጅ መሐል ሲያዘግምም፣ ዚብራ ላይ ቆሞ ሲነሳም ያንኑ ይጠቀምበታል። ፓርኪንግ ላይ መኪናው እየዘለለ የሚያስቸግራቸው ተማሪዎቼ ሁልጊዜ ለማለት ይቻላል ዳገት ያልሠሩት ናቸው።

ዳገት ባይገኝ እንኳ ሜዳ ላይ የሚሠራ ልምምድ አለ። ነዳጅ ሳትነኩ፣ በፍሪሲዮን ብቻ፣ የቆመውን መኪና እንደ ኤሊ አንቀሳቅሱት፤ አቁሙት፤ እንደገና አንቀሳቅሱት። ሃያ፣ ሠላሳ ጊዜ። አሰልቺ ነው። እኔ ግን የማንንም ተማሪ ሰዓት ከዚህ በተሻለ ነገር ላይ አውዬ አላውቅም።

«ባጃጅ አምስት ዓመት ነድቻለሁ፤ አውቶሞቢል ምን ይከብደኛል?»

የባጃጅ ልጆችን እወዳቸዋለሁ። ዓይናቸው መንገድ ይለምዳል፤ እግረኛው ሳይነሳ እንደሚነሳ ያውቃሉ። ይህ ሀብት ነው፣ አላናንቀውም። ነገር ግን እጅና እግራቸው ሌላ ሥራ ተምሯል። ባጃጅ ላይ ፍሪሲዮኑ በግራ እጅ ይጨበጣል፣ ማርሹም በዚያው እጅ ይዞራል፣ ነዳጁ በቀኝ እጅ ነው፤ ግራ እግር ሥራ የለውም። አውቶሞቢል ላይ ሥራ ፈቶ የኖረው ግራ እግር ዋና ሠራተኛ ይሆናል። ድንገት ማቆም ሲያስፈልግ የግራ እጃቸው መሪውን ጭምቅ ያደርገዋል፤ እግራቸው ግን ፍሪሲዮን መርገጡን ይረሳል። ሞተሩ ይጠፋል።

ከዚህ የሚከፋው አቀማመጡ ነው። ባጃጅ ነጂ መሐል ላይ፣ ከፊት ጎማው ኋላ ይቀመጣል፤ ግራና ቀኙ እኩል ነው። ወርዱም 1 ሜትር ከ30 ሳንቲም ገደማ ነው። አውቶሞቢል ወደ 1 ሜትር ከ70 ይደርሳል፤ ነጂው ደግሞ ግራ ጠርዝ ላይ ነው። ስለዚህ ከቀኙ ያለው አብዛኛው አካል ከዓይኑ ውጭ ይሆናል። መሐል ላይ ያለ እየመሰለው የቀኝ ጎማውን የእግረኛ መንገድ ጠርዝ ላይ ያወጣዋል፣ ወይም ቀኝ ስፖኪዮው ብስክሌት የሚነዳውን ሰው ክንድ ይነካል። ለእነዚህ ልጆች ፓርኪንግ ከማስተማሬ በፊት ቀጥ ባለ መንገድ ላይ ከቀኝ ጠርዝ እኩል ርቀት ጠብቀው እንዲሄዱ አደርጋለሁ። ሦስት አራት ቀን ይበቃቸዋል። ከዚያ በኋላ ከማንም ቀድመው ይበቃሉ።

«ቅድሚያ ሁልጊዜ ለቀኝ ነው»

የንድፈ ሐሳቡን ፈተና በጥሩ ውጤት ያለፉ ልጆች እንኳ የሚሳሳቱት እዚህ ነው። ምልክት፣ መብራትም ሆነ ትራፊክ ፖሊስ በሌለበት መስቀለኛ መንገድ ከቀኝ ለሚመጣ ቅድሚያ ይሰጣል፤ ልክ ነው። አደባባይ ላይ ግን ቅድሚያው ቀድሞ አደባባዩ ውስጥ ለገባው ነው፤ እኛ በቀኝ ስለምንነዳ እሱ የሚመጣው ከግራችን ነው። ሐዋሳ ደግሞ የአደባባይ ከተማ ናት። «ለቀኝ» የሚለውን ብቻ የሸመደደ ልጅ አደባባይ ሲደርስ ዓይኑን ወደ ቀኝ ይወረውራል፤ ከግራ የሚዞረውን አያየውም። ወይም ውስጥ ገብቶ ከቀኝ ሊገባ ለሚጠብቀው መኪና ይቆምና ከኋላው ያለውን ሁሉ ያስቆማል።

እንዲህ አድርጋችሁ ያዙት፦ ስትጠጉ ፍጥነት ቀንሱ፣ ወደ ግራ ተመልከቱ፣ ክፍተት ካለ ግቡ፣ ከገባችሁ በኋላ አትቁሙ፣ ስትወጡ የቀኝ ፍሬቻ አሳዩ። ትራፊክ ፖሊስ ቆሞ የሚያስተናግድ ከሆነ ይህ ሁሉ ይቀራል፤ የእሱ እጅ ከመብራቱም ከምልክቱም ይበልጣል።

«ባጃጁ ቅድሚያ ባይኖረውም ገባብኝ፤ ምን ላድርግ?» የሚል ጥያቄ በየቀኑ ይመጣል። አሳልፈው። መብትህን በጎን በር ላይ አታስከብርም። ለፈታኙም ቢሆን አደጋ አይቶ ፍሬን የያዘ ልጅ ጥሩ ልጅ ነው።

«ሞተር ከጠፋብኝ አበቃልኝ»

ይህ ወሬ ራሱ ሞተር ያጠፋል። ልጁ «እንዳይጠፋብኝ» እያለ ይንቀጠቀጥና ፍሪሲዮኑን ቶሎ ይለቀዋል። ሞተር ጠፍቶባቸው ያለፉ ተማሪዎች አሉኝ። የሚጎዳው ቀጥሎ የሚመጣው ድንጋጤ ነው፤ ማርሽ ውስጥ እንዳለ ቁልፉን ይጠመዝዝና መኪናው ይዘላል፣ ወይም ፍሬኑን ይረሳና ይንሸራተታል። ስለዚህ ሥልጠናው መጨረሻ አካባቢ ሆን ብዬ ሞተር እንዲያጠፉ አደርጋለሁ፦ ፍሬን ያዝ፤ የእጅ ፍሬን ሳብ፤ ፍሪሲዮን ረግጠህ ማርሹን ዜሮ አድርግ፤ አስነሳ፤ አንደኛ አስገባ፤ ስፖኪዮ እይ፤ ሂድ። በአሥረኛው ጊዜ ላባቸው ይደርቃል።

«ፓርኪንግ በምልክት ይሸመደዳል»

«የፓርኪንጉ ዳር ላይ የተተከለው እንጨት በኋላ መስታወት ጥግ ሲታይህ መሪውን አንድ ተኩል አዙር።» ይህን ቀመር በወረቀት ጽፈው የሚይዙ አሉ። ቀመሩ የሚሠራው ያው መኪና፣ ያው ወንበር፣ ያው ቁመት ሲሆን ብቻ ነው። የፈተናው መኪና ትንሽ ረዘም ካለ፣ ወይም ወንበሩን ሁለት ጣት ያህል ወደፊት ከሳቡት እንጨቱ ሌላ ቦታ ይታያል። ከዚያ በኋላ ልጁ እጁ ላይ ምንም የለውም።

የሚያዋጣው የኋላ ጎማው የት እንዳለ ማወቅ ነው። መኪናው ወደ ኋላ ሲሄድ የሚዞረው በኋላ ጎማው ዙሪያ ነው፤ ፊቱ ደግሞ ወደ ውጭ ሰፋ ብሎ ይጠርጋል። ተማሪዎቼን ከመኪናው አስወርጄ እኔ ቀስ ብዬ ስገባ ከውጭ እንዲያዩ አደርጋቸዋለሁ። አንዴ ከውጭ ያየ ሰው ቀመር አይጠይቀኝም። ሌላው ነገር ዝግታ ብቻ ነው፤ መኪናው በዘገየ ቁጥር መሪ ለማዞር ጊዜ ይኖራል። ፍሪሲዮኑ የሚይዝበትን ቦታ ያወቀ እግር ሥራው እዚህ ላይ ይታያል።

«ቀስ ብሎ የነዳ ጥንቁቅ ነው»

ፓርኪንግ ላይ አዎ። ዋናው መንገድ ላይ ሰው ሁሉ በሦስተኛ እየሄደ አንደኛ ማርሽ ላይ ሞተር የሚያስጮህ ግን ጥንቁቅ አይደለም፤ ፈርቷል፣ ከኋላው ያሉትንም ተገቢ ያልሆነ ቅደማ ውስጥ ይከታቸዋል። ማርሹ ከፍጥነቱ ጋር ይስማማ። ማርሽ ስትቀይሩም ወደ ታች አትዩ። በሰዓት 50 ኪሎ ሜትር የሚሄድ መኪና በአንድ ሰከንድ 14 ሜትር ያህል ይጓዛል፤ ዓይናችሁን ማርሹ ላይ ለአንድ ሰከንድ ብታሳርፉ የሦስት አውቶሞቢል ርዝመት ያህል በጭፍን ሄዳችኋል። የሐዋሳ ልጅ ኳስ ተከትሎ መንገድ ለመግባት ያን ያህል ጊዜ አያስፈልገውም።

«ስፖኪዮ የሚታየው ለፈታኙ ነው»

አንገታቸውን እንደ ፔንዱለም የሚያወዛውዙ ልጆች አሉ። «ምን አየህ?» ስላቸው መልስ የላቸውም። እኔ ከጎናቸው ተቀምጬ ድንገት «ከኋላህ ምን አለ?» እላለሁ። ነጭ ሚኒባስ፣ በስተቀኝ ብስክሌት፣ ማለት እስኪችሉ ድረስ እጠይቃለሁ። ስፖኪዮ የማያሳየው ጥግም አለ፤ ብስክሌት ሙሉ በሙሉ ይደበቅበታል። ከመታጠፋችሁ በፊት በትከሻችሁ ዞር ብላችሁ እዩ። ፍሬቻ ማሳየትም መንገዱን የእናንተ አያደርገውም፤ ልታደርጉ ያሰባችሁትን ለሌላው መንገር ነው፣ ከዚያ መንገዱ ክፍት መሆኑን ማየት ይቀራል።

«ሴት ልጅ ለመሪ አትሆንም»

ይህን ስሰማ ያመኛል፤ አንዳንዴ ሴቶቹ ራሳቸው ይሉታል። ሌላ ቦታ ሠልጥና ሁለት ጊዜ ወድቃ የመጣች አንዲት እናት ነበረችኝ። «እኔ ፈሪ ነኝ ጋሼ» አለችኝ። ወንበሩ ጠርዝ ላይ ተንጠልጥላ ስለነበር ፍሪሲዮኑን እስከ መጨረሻ ለመርገጥ ወገቧን መግፋት ነበረባት። ወንበሩን ወደፊት አስጠጋሁት፣ ከጀርባዋ ትራስ አደረግን። በቃ። ሁለት ጊዜ ያስወደቃት ማንም ያላስተካከለላት ወንበር ነበር። ፍሪሲዮን እስከ ታች ሲረገጥ ጉልበት ትንሽ እጥፍ ይበል፤ ጀርባ ሳይነሳ የእጅ አንጓ የመሪው አናት ላይ ይድረስ። ወንድም ሴትም ልኩ ይህ ነው።

«ካልከፈልክ አታልፍም»

ከተወሰነው ክፍያ በላይ አንዲት ሳንቲም ሳይሰጡ ያለፉ ብዙ ተማሪዎች አሉኝ። ደላላው የሚነግደው በፍርሃታችሁ ነው። በራሳችሁ ችሎታ ስታልፉ «እኔ ነኝ ያሳለፍኩህ» ይላል፤ ስትወድቁ ስልኩን ያጠፋል። ሁለቱንም ጊዜ ገንዘቡ እሱ ጋ ነው። ሳይፈተኑ በሐሰት የወጣ መንጃ ፈቃድ ደግሞ ወንጀል ነው፤ ያን የያዘ ሰው አንድ ቀን የሰው ልጅ ቢገጭ ምን ብሎ ይቆማል? ለደላላው የምትሰጡትን ገንዘብ ተጨማሪ የልምምድ ሰዓት ግዙበት። እለምናችኋለሁ።

«ትንሽ ጫት፣ አንድ ቢራ ፍርሃት ያበርዳል»

አያበርድም። ጫቱ እጅ ያንቀጠቅጣል፣ እንቅልፍ ይነሳል፤ ቢራው እግርን ያዘገያል። ጠጥቶ መሪ መያዝ በሕግም ክልክል ነው። ቁርስ ብሉ፣ ተኙ፣ ውኃ ጠጡ።

ስለ ጫማም ልናገር፤ በሙቀታችን ምክንያት ብዙ ሰው በነጠላ ጫማ ይመጣል። ነጠላ ጫማ ከእግር ወልቆ ፍሬኑ ሥር ይገባል። ሶሉ ስስ የሆነ፣ ተረከዝ የሚይዝ ጫማ አድርጉ፤ ከፈተናው ቀን በፊትም በዚያው ጫማ ተለማመዱ፣ እግር የፍሪሲዮኑን ቦታ የሚያውቀው በጫማው በኩል ነው። ጠዋት መኪናው ውስጥ ስትገቡ ቁልፉን ለመንካት አትቸኩሉ። ወንበር፣ ስፖኪዮ፣ ቀበቶ፤ ከዚያ ማርሹ ዜሮ መሆኑን በእጃችሁ ነክታችሁ አረጋግጡ። ፈታኙ ይጠብቃችኋል።