ፍለጋ ጠላፊ ኤክስቴንሽን ምንድን ነው? ካጠፉት በኋላስ ለምን ይመለሳል?

ክሮም ላይ በአድራሻው መስመር «የጅማ ቡና ዋጋ ዛሬ» ብለው ይጻፉና ኢንተር ይጫኑ። መምጣት የነበረበት የጉግል ገጽ ነው። ዓይንዎን ከአድራሻው ካልነቀሉ ግን ከአንድ ሴኮንድ ባነሰ ጊዜ የማያውቁት ስም ብልጭ ብሎ ያልፋል፤ አንዳንዴ ሁለተኛም ይከተላል፤ በመጨረሻ ያሁ ወይም ቢንግ ይከፈታል፤ ከላይ የተደረደረውም ማስታወቂያ ነው። ይህን የሚያደርገው አብዛኛውን ጊዜ ብራውዘሩ ላይ የተጫነ ትንሽ ፕሮግራም ነው። ፍለጋ ጠላፊ ኤክስቴንሽን የሚባለው እሱ ነው።

ኤክስቴንሽን በራሱ ክፉ ነገር አይደለም። ማስታወቂያ የሚከለክል፣ የይለፍ ቃል የሚያስቀምጥ፣ ጽሑፍ የሚተረጉም ጥሩ ጥሩ አለ። የክሮም የአማርኛው ገጽታ «ቅጥያ» ይለዋል። ለጠላፊው ግን ጅማ ዙሪያ ማሳ ያለው ሰው አሳምሮ የሚያውቀው «ተቀጽላ» የሚለው ቃል ይበልጥ ይስማማዋል። ተቀጽላ በሌላ ዛፍ ላይ በቅሎ የዛፉን ውሃ እየጠጣ ይኖራል፤ ቅጠሉን ቢመለምሉት ሥሩ ቅርንጫፉ ውስጥ ስለቀረ ተመልሶ ያቆጠቁጣል። የዚህ ጽሑፍ ጉዳይም ሥሩ ነው።

ሠሪው የሚፈልገው ኮምፒውተርዎን ማበላሸት አይደለም። እንዲያውም ደህና ሆኖ እንዲሠራለት ይፈልጋል። ፍለጋዎ በእሱ አድራሻ በኩል ካለፈ እንደ እሱ ደንበኛ ይቆጠራል፤ ውጤቱ ላይ ያለውን ማስታወቂያ ሲጫኑ ከክፍያው ይደርሰዋል። ጉዳቱ ግን በዚህ ቢያበቃ ኖሮ ባልከፋ። አብዛኞቹ ሲጫኑ «በሁሉም ድረ ገጾች ላይ ያለዎትን መረጃ ማንበብና መለወጥ» የሚል ፈቃድ ይጠይቃሉ። ያ ፈቃድ ኢሜይልዎን፣ የዩኒቨርሲቲውን የተማሪ ፖርታልና የባንክ ገጽዎን ይጨምራል።

ሁለት ዓይነት አላቸው። የመጀመሪያው የብራውዘሩን ዋና የፍለጋ ሞተር በግልጽ ይለውጣል። ክሮም ለኤክስቴንሽኖች ይህን በደንቡ ይፈቅዳል፤ «መለወጥ ፈልገው ነበር?» ብሎም ይጠይቃል፤ ሰው ግን ሳያነብ እሺ ይለዋል። ይኸኛው ለመለየት ቀላል ነው፦ ሴቲንግስ ውስጥ «ሰርች ኢንጂን» የሚለውን ሲከፍቱ የትኛው ኤክስቴንሽን እንደተቆጣጠረው በስሙ ተጽፎ፣ አጠገቡም ማጥፊያ ቁልፍ ያገኛሉ። ሁለተኛው ተንኮለኛ ነው። ሴቲንግስ ውስጥ ያለውን «ጉግል» የሚለውን ቃል አይነካም። ፍለጋው ከተላከ በኋላ መንገድ ላይ ጠብቆ ያዞረዋል። አንዳንዱ ደግሞ በየፍለጋው አያዞርም፤ ከአምስት አንዴ፣ ወይም ከተጫነ ከቀናት በኋላ ይጀምራል፤ ያኔ ባለቤቱ ምን እንደጫነ ረስቶታል።

ከመነካካት በፊት ሕመሙ የት እንዳለ መለየት ይገባል። ክሮም ላይ በስተቀኝ ከላይ የፕሮፋይልዎን ክብ ምስል ይጫኑና ጌስት የሚለውን ይክፈቱ። የጌስት መስኮት ኤክስቴንሽን አይጭንም፤ የእርስዎን ሴቲንግም አይወርስም። ያንኑ ቃል እዚያ ይፈልጉ። ፍለጋው በቀጥታ ጉግል ከደረሰ ችግሩ ኤክስቴንሽን ወይም የፕሮፋይልዎ ሴቲንግ ነው። ጌስትም ውስጥ ከተዞረ ግን ነገሩ ከኤክስቴንሽን ወረድ ብሎ ዊንዶውስ ውስጥ ነው፦ ፖሊሲ (ብራውዘሩን የሚያስገድድ የአስተዳዳሪ ደንብ)፣ ፕሮክሲ (ኢንተርኔቱ የሚያልፍበት አማላጅ ኮምፒውተር)፣ ዲኤንኤስ (የድረ ገጽ ስምን ወደ ቁጥር አድራሻ የሚለውጠው) ወይም ሌላ ፕሮግራም። ሁለት ደቂቃ የማይፈጅ ሙከራ ነው፤ የሚያድነው ግን ግማሽ ቀን ነው።

ብዙ ጊዜ የሚሰጠው መድኃኒት «ፎርማት ይደረግ» የሚል ነው። ዊንዶውስ እንደ አዲስ ይጫናል፤ ሰነድ በፍላሽ ይገለበጣል፤ ይከፈላል። ማታ ባለቤቱ ክሮምን ከፍቶ በጂሜይሉ ሲገባና ሲንክ (ብራውዘሩን ከጉግል አካውንቱ ጋር የሚያመሳስለውን) ሲያበራ ኤክስቴንሽኑ ከነሙሉ ጤናው ይመጣል። ምክንያቱ ቀላል ነው፦ የኤክስቴንሽኑ ዝርዝር የተቀመጠው በዲስኩ ላይ ብቻ አልነበረም፣ አካውንቱም ላይ ነበር። ዲስክ ፎርማት ማድረግ አካውንትን አያጸዳም።

ስለዚህ ቅደም ተከተሉ ከማጥፋቱ ይበልጣል። ሥራውን የሚጀምሩት ሲንክን በማጥፋት ነው። ኤክስቴንሽኑን በቀጥታ መንቀል የሚያጓጓ ቢሆንም ለጊዜው ይተዉት።

ቀጥሎ የዊንዶውስ ሴቲንግስ ውስጥ የተጫኑ ፕሮግራሞችን ዝርዝር ይክፈቱና በተጫኑበት ቀን ያስተካክሉት። ፍለጋው መዞር የጀመረበትን ሰሞን ይፈልጉ። እዚያ ቀን ላይ የፒዲኤፍ መለወጫ፣ የቪዲዮ ማውረጃ፣ ክራክ የተደረገ ጨዋታ ወይም «ድራይቨር አፕዴተር» የሚባል ነገር ተኝቶ ይገኛል። በጅማ ዩኒቨርሲቲ ኪቶ ፉርዲሳ ግቢም ሆነ ዋናው ግቢ አካባቢ የመመረቂያ ጽሑፉን ወደ ፒዲኤፍ ለመለወጥ የሚሯሯጥ ተማሪ ለዚህ ምቹ ሰለባ ነው፦ ገጹ ላይ ሦስት ትልልቅ አረንጓዴ «ዳውንሎድ» ቁልፎች አሉ፣ እውነተኛው አራተኛው ትንሹ ነው። ለነገሩ ወርድ ራሱ «ሴቭ አዝ» ውስጥ ፒዲኤፍ አለው፤ ምንም ማውረድ አያስፈልግም።

ከዚያ «ታስክ ስኬጁለር» የሚለውን፣ ዊንዶውስ በተወሰነ ጊዜ በራሱ የሚያስኬዳቸውን ሥራዎች ዝርዝር፣ ከስታርት ሜኑ ይክፈቱ። ብዙዎች የሚዘሉት ይህን ነው፤ ተመልሶ የሚመጣበት ዋናው በርም ይህ ነው። እ.ኤ.አ. በ2024 ሪዝንላብስ የተባለ የደኅንነት ድርጅት ቢያንስ 300,000 የክሮምና የኤጅ ተጠቃሚዎችን የነካ ዘመቻ ይፋ አድርጎ ነበር። ሰዎቹ የታወቁ ፕሮግራሞችን አስመስሎ የተሠራ ጫኚ አወረዱ፤ ጫኚው በታስክ ስኬጁለር ውስጥ ፓወርሼልን (የዊንዶውስ ትእዛዝ ማስፈጸሚያውን) የሚጠራ ሥራ አስቀመጠ፤ ፓወርሼሉ ኤክስቴንሽኑን በግዳጅ አስገባ። ኤክስቴንሽኑን ብቻ ለነቀለ ሰው ታስኩ መልሶ ይተክልለታል። በዝርዝሩ ውስጥ እያንዳንዱን ሥራ ሲጫኑ ከታች «አክሽንስ» የሚል ክፍል አለ። እዚያ ፓወርሼል ወይም ደብልዩስክሪፕት (እሱም ትእዛዝ ማስፈጸሚያ ነው) ተጽፎ፣ ፋይሉም አፕዳታ ወይም ፕሮግራምዳታ በሚባሉ ፎልደሮች ውስጥ ትርጉም በሌለው ስም ከተቀመጠ ይጠርጥሩት። ማይክሮሶፍት በሚለው ፎልደር ውስጥ ያሉትን አይንኩ። የተጠራጠሩትን መጀመሪያ «ዲስኤብል» ያድርጉ፤ ኮምፒውተሩን አጥፍተው ካበሩት በኋላ ደህና ከሠራ ይሰርዙት።

አሁን ፖሊሲው። ክሮም ውስጥ ሦስቱን ነጥቦች ሲጫኑ ከሜኑው መጨረሻ «ማኔጅድ ባይ ዩር ኦርጋናይዜሽን» የሚል ጽሑፍ ካለ፣ ወይም ኤክስቴንሽኑ አጠገብ ማስወገጃው ቁልፍ ከሌለና ማብሪያ ማጥፊያው ግራጫ ሆኖ አልነካ ካለ፣ በግዳጅ ተጭኗል ማለት ነው። ኮምፒውተሩ የመሥሪያ ቤት ወይም የዩኒቨርሲቲ ላቦራቶሪ ከሆነ ጽሑፉ ትክክለኛ ሊሆን ስለሚችል ለአይሲቲ ክፍሉ ይተዉት። የግል ላፕቶፕዎ ላይ ከሆነ ግን ምንም ኦርጋናይዜሽን የለዎትም። አንዳንድ የጸረ ቫይረስ ፕሮግራምም ይህን ጽሑፍ ያመጣል፤ ስለዚህ ከመሰረዝ በፊት መመልከት ነው።

የሚመለከቱት እንዲህ ነው፦ የኤክስቴንሽኖች ገጽ ላይ «ዴቨሎፐር ሞድ» ያብሩ። ከእያንዳንዱ ስር 32 ፊደላት ያሉት መለያ ይወጣል፤ የጠላፊውን ይቅዱ። ሬጅስትሪ ኤዲተርን (የዊንዶውስ ሴቲንግ መዝገብ ማረሚያውን) ከፍተው «ሎካል ማሽን»፣ «ሶፍትዌር»፣ «ፖሊሲስ»፣ «ጉግል»፣ «ክሮም» እያሉ ይውረዱ። «ኤክስቴንሽን ኢንስቶል ፎርስሊስት» የሚል ፎልደር ካለ ውስጡ ያንኑ 32 ፊደል ያገኛሉ። መጀመሪያ ፎልደሩን በቀኝ ጠቅ አድርገው «ኤክስፖርት» በማለት መጠባበቂያ ያስቀምጡ፣ ከዚያ ያንን መስመር ብቻ ይሰርዙ። ያንኑ መንገድ «ከረንት ዩዘር» ስርም ይድገሙት። ታስኩ ሳይሰረዝ ይህን ካደረጉ በሚቀጥለው ሲከፍቱ መስመሩ ተመልሶ ተጽፎ ያገኙታል፤ «ሰረዝኩት፣ አልሠራም» የሚሉ ሰዎች ችግር ብዙ ጊዜ ይኸው ነው።

ኤክስቴንሽኑን መንቀል አሁን የጥቂት ጠቅታ ሥራ ነው፦ ሦስቱ ነጥቦች፣ «ኤክስቴንሽንስ»፣ «ማኔጅ ኤክስቴንሽንስ»፣ «ሪሙቭ»። ፋየርፎክስ ላይ «አድ ኦንስ ኤንድ ቲምስ» ውስጥ ነው። የትኛው እንደሆነ ካልታወቀ ሁሉንም ያጥፉ፣ ፍለጋው ከተስተካከለ አንድ በአንድ እያበሩ ይሞክሩ። «ዲቴይልስ» ውስጥ «ሶርስ» የሚለው ክሮም ዌብ ስቶር (የጉግል የኤክስቴንሽን መደብር) ካላለና እርስዎ ራስዎ ካልጫኑት ይጣል። ዌብ ስቶር ማለቱም ሙሉ ዋስትና አይሆንም። ግሬት ሰስፔንደር የተባለው በሚሊዮኖች የተጫነ ጥሩ ኤክስቴንሽን እ.ኤ.አ. በ2020 ባለቤቱ ለሌላ ሰው ሸጠው፤ በየካቲት 2021 ጉግል ጎጂ ኮድ አለው ብሎ አስወገደው። ተጠቃሚዎቹ አዲስ የጫኑት ነገር አልነበረም፤ የነበራቸው በራሱ ታድሶ ነው የተለወጠው።

የቀረውን በፍጥነት፦ የፍለጋ ሞተሮች ዝርዝር ውስጥ የማያውቁትን ይሰርዙ፤ «ኦን ስታርታፕ» ውስጥ እንግዳ አድራሻ ካለ ያውጡ፤ ዴስክቶፕ ላይ ያለውን የክሮም አይከን ፕሮፐርቲስ ከፍተው «ታርጌት» የሚለው መስመር ላይ ከክሮም ፋይል ስም በኋላ የድረ ገጽ አድራሻ ተቀጥሎ እንደሆነ ይዩ። ከዚያ «ሪሴት ሴቲንግስ» ያድርጉ፤ ቡክማርክ፣ ሂስትሪና የተቀመጠ የይለፍ ቃል አይነካም፤ ኤክስቴንሽኖችን ያጠፋል፣ ኩኪ ያጸዳል። የድሮ ቪዲዮዎች ክሮም ውስጥ «ክሊን አፕ ኮምፒውተር» የሚል ቦታ ያሳያሉ፤ ጉግል እ.ኤ.አ. በ2023 ስላስወገደው አይፈልጉት። በምትኩ የማልዌርባይትስን አድደብልዩክሊነር በነጻ ማስኬድ ይቻላል። የይለፍ ቃል የሚለወጠው ይህ ሁሉ ካለቀ በኋላ ነው፤ ቀድመው ከለወጡት አዲሱንም ጠላፊው ሊያነበው ይችላል።

ስልክ ላይ ይህ ሁሉ አይሠራም፤ የአንድሮይድ ክሮም ኤክስቴንሽን አይቀበልም። እዚያ በየደቂቃው «ስልክዎ በቫይረስ ተጠቅቷል» የሚል መልእክት የሚወጣው አብዛኛውን ጊዜ ለአንድ ድረ ገጽ «አላው» ብለው ከሰጡት የኖቲፊኬሽን ፈቃድ ነው፤ ሳይት ሴቲንግስ ውስጥ ገብቶ መከልከል ይበቃል።

ሲንክን መልሰው ከማብራትዎ በፊት አካውንትዎ ሌላ የት እንደተከፈተ ይመልከቱ። ጉግል አካውንት ውስጥ «ሴኩሪቲ» ስር የመሣሪያዎች ዝርዝር አለ። ጅማ መርካቶ ወይም ፈረንጅ አራዳ ባለ ኢንተርኔት ቤት ፎርም ለመሙላት ገብተው ሳይወጡ የቀሩበት ኮምፒውተር እዚያ ሊኖር ይችላል። ሲንክ በርቶ ከነበረ፣ እዚያ ወንበር ላይ ከእርስዎ በኋላ የተቀመጠ ሰው የጫነው ኤክስቴንሽን ቤትዎ ድረስ ይመጣል። ያን መሣሪያ «ሳይን አውት» ይበሉት፤ ሲንኩን ከዚያ ያብሩ፤ ወዲያውም የኤክስቴንሽኑን ገጽ ከፍተው የነቀሉት ስም እንደገና ብቅ እንዳላለ ይዩ።