ፍሪጅ አይደለም፦ ስለ ኤሌክትሪክ የሲጋር ማስቀመጫ የሚነገሩ የተሳሳቱ ነገሮች እና እውነታው

ሥራዬ ዱባይ ውስጥ የሲጋር ማስቀመጫ ቁምሳጥኖችን መትከልና መጠገን ነው፤ ሂውሚዶር የሚባሉትን፣ በራቸው መስታወት የሆነ፣ ቁመታቸው ሰው የሚያክል፣ በኤሌክትሪክ የሚሠሩትን። ዕቃውን ከዚህ ገዝተው አዲስ አበባ ያስገቡ የአገሬ ሰዎችም ይደውሉልኛል። ጥያቄው ሁልጊዜ አንድ ነው፦ «አቀዝቅዤ ነው ያስቀመጥኩት፣ ታዲያ ለምን ሻገተ?» አንዳንዱ ደግሞ «ለምን ደረቀ?» ይላል። የሁለቱም ምክንያት ያው ማቀዝቀዙ መሆኑን ስነግራቸው አያምኑኝም። በስንት ገንዘብ የተገዛ ዕቃ፣ በስንት ዓመት የተጠራቀመ ሲጋር በአንድ የተሳሳተ እምነት ሲበላሽ ማየት ያናድደኛል። ስለዚህ አንዴ በደንብ ላስረዳ።

«ፍሪጅ ስለሆነ፣ በቀዘቀዘ ቁጥር ሲጋሩ ይቆያል»

ፍሪጅ አይደለም። ፍሪጅ ምግብ እንዳይበላሽ ሙቀት ይቀንሳል፤ የአየሩ እርጥበት ምን ሆነ ብሎ አይጨነቅም፣ እንዲያውም ውስጡን ያደርቃል። የሲጋር ማስቀመጫ ዋና ሥራው እርጥበቱ ሳይዋዥቅ እንዲቆይ ማድረግ ነው። ማቀዝቀዣው የተጨመረለት ክፍሉ ሲሞቅ እንዲያግዝ ብቻ ነው።

ቁጥሩን እንየው። ሙቀቱ 20 ዲግሪ የሆነ አንድ ሜትር ኩብ አየር ቢበዛ 17 ግራም ያህል የውሃ ተን ይይዛል። እርጥበቱ 70 በመቶ ነው ስንል ከዚያ ውስጥ 12 ግራም ያህሉን ይዟል ማለታችን ነው። ይህንኑ አየር ወደ 12 ዲግሪ ብታወርዱት መያዝ የሚችለው 11 ግራም እንኳ አይሞላም። የተረፈው ውሃ የት ይሂድ? ጤዛ ሆኖ ቀዝቃዛው ግድግዳ ላይ ያርፋል፣ ከዚያ እየተንጠባጠበ የታችኛውን መደርደሪያ ያረጥባል።

ችግሩ ደግሞ 12 ዲግሪ ላይ ላደረገው ሰው ብቻ አይደለም። አየሩ 20 ዲግሪና 70 በመቶ ላይ ሲሆን ጤዛ መያዝ የሚጀምረው 14 ዲግሪ ገደማ የሆነ ነገር ሲነካ ነው። ባለ ኮምፕረሰር (እንደ ፍሪጅ በሞተር የሚያቀዘቅዝ) ቁምሳጥን ውስጥ፣ ስክሪኑ 17 ወይም 18 እያለ፣ ከኋላ ያለው የማቀዝቀዣ ሳህን ግን ከዚያ በታች ይወርዳል። ስለዚህ ኮምፕረሰሩ በተነሳ ቁጥር ከአየሩ ውሃ ይነጥቃል። ማርጠቢያው አየሩ ደረቀ ብሎ ይነሳና ውሃ ይጨምራል። ኮምፕረሰሩ መልሶ ያወጣዋል። ሙቀቱን ዝቅ ባደረጋችሁት መጠን ኮምፕረሰሩ ረዘም ላለ ጊዜ ይሠራል፣ ግብግቡም ይብሳል። ሁለቱ ማሽኖች ሌሊቱን ሙሉ ሲታገሉ በመሀል የሚጎዳው ሲጋሩ ነው።

ለእረፍት አዲስ አበባ በሄድኩበት ጊዜ ቦሌ አካባቢ አንድ ደንበኛ ቤት ተጠርቼ ነበር። ቁምሳጥኑን 12 ላይ አድርገውታል። በሩን ከፍቼ እጄን በኋለኛው ግድግዳ ላይ ሳሳልፍ መዳፌ ረጥቦ ወጣ። ከላይኛው መደርደሪያ አንድ ሲጋር አንስቼ ጆሮዬ ሥር በሁለት ጣት ጫን ሳደርገው ይንኮሻኮሻል፤ የላይኛው ቅጠል ከሚለኮስበት ጫፍ ጀምሮ ተሰንጥቋል። ከታች ያሉት ሳጥኖች በግድግዳው በኩል አረንጓዴ ሻጋታ አብቅለዋል። በአንድ ቁምሳጥን ውስጥ፣ በአንድ ጊዜ፣ ድርቀትም ሻጋታም። «ጋሼ፣ ለምን 12 አደረጉት?» ስላቸው «ወይን ጠጅ የሚቀመጠው በ12 አይደል?» አሉኝ። ወይን ጠጅ በቡሽ በታሸገ ጠርሙስ ውስጥ ነው። ሲጋር ግን ቅጠል ነው፤ ከአየሩ ውሃ ይወስዳል፣ ለአየሩ ውሃ ይሰጣል። በወይን ጠጅ ልክ አይለካም።

ከ18 እስከ 20 ዲግሪ ይበቃል። ከዚያ ዝቅ በማለቱ የሚገኝ ጥቅም የለም። በጣም ከቀዘቀዘ ቁምሳጥን አውጥታችሁ በነሐሴ ማታ እዚህ ዱባይ በረንዳ ላይ ብትቀመጡ ሲጋሩ እጃችሁ ላይ ጤዛ ይይዛል፤ ከዚያ በኋላ እኩል አይነድም።

«ስክሪኑ 70 ካለ 70 ነው»

የስክሪኑ ቁጥር የሚመጣው ከአንዲት ትንሽ ሴንሰር ነው። ብዙ ቁምሳጥኖች ያላቸው አንድ ሴንሰር ብቻ ነው፤ እሱም አብዛኛውን ጊዜ ከፋኑ ወይም ከማርጠቢያው አጠገብ ይተከላል። እዚያ ያለው አየር ገና የረጠበ ነው። ከእሱ ራቅ ብሎ፣ ጥቅጥቅ ብለው ከተደረደሩ ሳጥኖች በስተኋላ ያለው ሌላ ነው። ትልቅ ቁምሳጥን ላይ ከላይና ከታች ያለው ልዩነት ከ5 በመቶ በላይ ሆኖ አግኝቼ አውቃለሁ፤ ባለቤቱ ግን ስክሪኑን እያየ ተረጋግቶ ይተኛል።

መፍትሔው ርካሽ ነው። ሁለት ትንንሽ ዲጂታል የእርጥበት መለኪያ ግዙ፣ አንዱን ከላይ አንዱን ከታች አስቀምጡ። ከዚያ በፊት ግን ፈትኗቸው፤ አዲስ መለኪያም ይዋሻል። በጠርሙስ ክዳን የገበታ ጨው አድርጉ፣ ሳይሟሟ እርጥብ ሊጥ እስኪመስል ጥቂት ጠብታ ውሃ ጨምሩበት፣ ከመለኪያው ጋር አየር በማያስገባ ላስቲክ ውስጥ አሽጉትና በክፍል ሙቀት እስከ ማግስቱ ተዉት። የረጠበ ጨው በታሸገ ቦታ ውስጥ እርጥበቱን 75 በመቶ ላይ ያቆማል። መለኪያው 71 ካለ፣ ከዚያ በኋላ በሚያሳያችሁ ቁጥር ላይ 4 ደምሩ። ለዚህ ማሽን አያስፈልግም፣ እኔንም መጥራት አያስፈልግም።

70ም ቢሆን የተቀደሰ ቁጥር አይደለም። ከ65 እስከ 69 ባለው ውስጥ የምትወዱትን ምረጡ። የኩባ ሲጋር የሚወዱ ብዙ ሰዎች 65 ላይ ወይም ከዚያም ትንሽ ዝቅ አድርገው ያስቀምጣሉ፤ ጭሱ በቀላሉ ይሳባል፣ እኩል ይነድዳል። ከ72 በላይ ስትወጡ ግን ሻጋታን እየጠራችሁ ነው። ዋናው ቁጥሩ ዛሬም ነገም ያው መሆኑ ነው። በየቀኑ ከ62 ወደ 72 የሚመላለስ ቁምሳጥን ቅጠሉን እያሳበጠ እያኮማተረ ይሰነጥቀዋል።

«በሩን ከከፈትከው እርጥበቱ ያልቃል»

አያልቅም። ግማሽ ሜትር ኩብ የሆነ ቁምሳጥን ውስጥ፣ 20 ዲግሪና 70 በመቶ ላይ፣ አየሩ የያዘው ውሃ በሙሉ 6 ግራም ነው። ሮቡስቶ በሚባለው አጭርና ወፍራም ሲጋር በአንዱ ውስጥ ብቻ ከ1 ግራም በላይ ውሃ አለ። 500 ሲጋር ካላችሁ ከግማሽ ኪሎ በላይ ውሃ ቅጠሉ ውስጥ ተቀምጧል ማለት ነው። በሩ ሲከፈት የሚሄደውን ያችን ትንሽ ግራም ሲጋሮቹና እንጨቱ ወዲያው ይተኩታል። ስክሪኑ ወደ 55 ሲወርድ አይታችሁ ማስተካከያውን ወደ 75 ማውጣት ነው ጥፋቱ። ዝጉትና ተዉት፣ ይመለሳል።

በዚሁ ምክንያት የሞላ ቁምሳጥን ከባዶው ይሻላል። መብራት ሲጠፋም አትደንግጡ፤ በሩን አትክፈቱ እንጂ የሞላ ቁምሳጥን አንድ ቀን ቢያድር ምንም አይሆንም። የመብራቱ አደጋ ሲመለስ ነው፤ ቮልቴጁ ከፍ ዝቅ እያለ የኤሌክትሮኒክስ ሰሌዳውን ያቃጥላል፣ ስለዚህ ስታቢላይዘር አድርጉለት።

«ውሃ ውሃ ነው»

የቧንቧም የታሸገም ውሃ ማዕድን አለው፤ ማዕድኑ ማርጠቢያው ላይ ነጭ ቅርፊት ሆኖ ይጋገርና ይደፍነዋል። ዲስቲልድ (ተኖ እንደገና ውሃ የሆነ፣ ማዕድን የሌለው) ውሃ ብቻ። ከኤሲ የሚንጠባጠበውም ዲስቲልድ አይደለም፣ ቆሻሻና ባክቴሪያ አለበት።

«500 ይይዛል ተብሎ ተጽፎበታል»

ያ ቁጥር የተቆጠረው በትንንሽ ሲጋር፣ ያለ ሳጥን፣ ክፍተት ሳይተው ነው። ቸርችል የሚባለው ርዝመቱ 178 ሚሊሜትር ነው፣ ሮቡስቶ 124። በሳጥን የምታስቀምጡ ከሆነ የተጻፈውን ግማሽ አድርጋችሁ አስቡ፣ ከኋላና ከጎን አየር የሚያልፍበትን ሁለት ጣት ክፍተትም ተዉ።

«እንጨት እስከሆነ ድረስ ማንኛውም ይሆናል»

በዚህ ላይ አንድ ደንበኛ ያደረገውን ልንገራችሁ። አዲስ አበባ ላይ መደርደሪያ ሲጨመርለት አናጺው በአገራችን ጥድ ሠራለት። ሥራው ያምራል፣ ልሙጥ ነው፣ ቤቱን ሽታው ሞላው። ከጥቂት ወራት በኋላ ሲጋሩን ሲለኩስ የእርሳስ እንጨት ይሸታል። ጥድ ብዙ ዘይትና ሙጫ አለው፣ ሽታው ቅጠሉ ውስጥ ይገባል፣ አይወጣምም። የሲጋር ሳጥንና መደርደሪያ የሚሠራበት የስፔን ሴዳር ከላቲን አሜሪካ የሚመጣ የማሆጋኒ ዘመድ ነው፤ ሽታው ለስላሳ ነው፣ እርጥበት ይወስዳል ይመልሳል። እሱን ካላገኛችሁ መደርደሪያውን ሽታ የሌለውና ቀለም ያልተቀባ ማሆጋኒ አድርጉት። ጥድ ግን በፍጹም።

አዲስ እንጨት ደረቅ ነው፤ መጀመሪያ ራሱ ይጠጣል። ሲጋር ከማስገባታችሁ በፊት ቁምሳጥኑን ባዶውን ለአንድና ሁለት ሳምንት አሠሩት። እንጨቱን በእርጥብ ጨርቅ መወልወል ያጣምመዋል።

«ነጭ ዱቄቱ የጥሩ ሲጋር ምልክት ነው»

ሻጮች ይህን ይወዱታል፤ ቅጠሉ ሲበስል ዘይቱ ወጥቶ ነው ይላሉ። እኔ እንድሠራ ከተጠራሁባቸው ቤቶች ያየሁት ሁሉ ሻጋታ ነበር፤ በአጉሊ መነጽር ሲታይ ጸጉር ጸጉር አለው፣ በነጠብጣብ ይበቅላል። ከላይኛው ቅጠል ላይ ያለ ቀላል ነጭ በደረቅ ጨርቅ ይጠረጋል። ከሚለኮሰው ጫፍ ወደ ውስጥ ከገባ ግን ጣሉት።

«ነቀዝ የሚገባው ከቆሻሻ ቤት ነው»

የትምባሆ ነቀዝ እንቁላሉ ከቅጠሉ ጋር ነው የሚመጣው። በደረቅ በርበሬና በቅመም ጣሳ ውስጥም የሚገኝ፣ ከ2 እስከ 3 ሚሊሜትር የሚሆን ቡናማ ነቀዝ ነው። ከ18 ዲግሪ በታች እድገቱ ይገታል፣ ሙቀቱ ወደ 24ና 25 ሲወጣ ግን ይፈለፈላል፤ ሲጋሩን የሚበሳው ከእንቁላሉ የሚወጣው እጭ፣ ማለትም ትሉ ነው። እዚህ ዱባይ ብዙ የማየው በክረምት እረፍት ነው፦ ባለቤቱ ኤሲውን አጥፍቶ አገሩ ይሄዳል፣ ክፍሉ 36 ይደርሳል። ኮምፕረሰር የሌለው ቁምሳጥን ከክፍሉ ሙቀት በ10 ዲግሪ ገደማ ቢያወርድ ነው፤ ውስጡ 26 ሆነ ማለት ነው። ሲመለስ ሳጥኑ ሥር እንደ ቡና ዱቄት የላመ ብናኝና ክብ ቀዳዳ ያገኛል።

ቀዳዳ ካያችሁ ያልተበሱትንም ጨምራችሁ በሁለት ላስቲክ አሽጉ፣ አንድ ቀን ፍሪጅ ውስጥ፣ ከዚያ ለሳምንት ያህል ከዜሮ በታች 18 ዲግሪ በሆነ ፍሪዘር፣ ከዚያ መልሳችሁ አንድ ቀን ፍሪጅ ውስጥ አድርጉ። ላስቲኩን የምትፈቱት ሲጋሩ የክፍሉን ሙቀት ከያዘ በኋላ ነው። ቁምሳጥኑን ባዶ አድርጋችሁ ብናኙን ጥረጉ።

«አዲስ አበባም የግድ ኤሌክትሪክ ያስፈልጋል»

ይህን ስናገር ሥራዬን የሚነካ ይመስላል፣ ግን እውነቱ ይህ ነው። አዲስ አበባ ከባሕር ወለል በላይ 2,300 ሜትር ላይ ናት፤ ፀሐይ በቀጥታ የማይገባበት ክፍል ውስጥ ሙቀቱ አብዛኛውን ዓመት 20 ዲግሪ አካባቢ ወይም ዝቅ ያለ ነው። እዚያ ማቀዝቀዣ ሥራ የለውም። የአዲስ አበባ ችግር በበጋ ድርቀት፣ በክረምት ሻጋታ ነው። ለድሬዳዋ፣ ለጅቡቲ፣ ለዱባይ ኮምፕረሰር ያለው ግዙ። ለአዲስ አበባ ግን በሩ በደንብ የሚዘጋ፣ የስፔን ሴዳር ያለበት ቁምሳጥን፣ እርጥበት የሚሰጥና የሚወስድ እንደ ቦቬዳ ያለ ፓኬት፣ አንዲት ትንሽ ፋንና ሁለቱ መለኪያዎች ይበቃሉ። ባለ ማቀዝቀዣውን ገዝታችሁ ከሆነ ማቀዝቀዣውን አጥፉትና ማርጠቢያውንና ፋኑን ብቻ ተጠቀሙበት፤ በሐምሌና በነሐሴ ማርጠቢያውንም ዝቅ አድርጉት።

የበሩን ጎማም አትርሱ። አንድ የብር ኖት በበሩና በጎማው መሀል አድርጋችሁ ዝጉና ሳቡት፤ ያለ ምንም መያዝ ከወጣ እርጥበታችሁ በዚያ እየወጣ ነው።

ከመደወላችሁ በፊት ደግሞ ለአንድ ሳምንት ጠዋትና ማታ የላይኛውንና የታችኛውን መለኪያ ቁጥር፣ የክፍሉንም ሙቀት፣ በወረቀት ጽፋችሁ ያዙ። እሱን ፎቶ አንስታችሁ ከላካችሁልኝ አብዛኛውን ችግር ሳልመጣ በስልክ እነግራችኋለሁ።