ካርድ ክፍል ኮምፒውተር ገባ፦ የተሳሳቱ አመለካከቶች እና እውነታው

ጅማ ኖሮ ካርድ ክፍል ደጃፍ ወረፋ ያልጠበቀ ሰው ማግኘት ይከብዳል። አሁን አሁን በመስኮቱ በኩል ከፋይል መደርደሪያው ጎን ኮምፒውተር ይታያል። ስለ ኤአይም (ሰው ሠራሽ አስተውሎት) ሁሉም ያወራል። ወረፋ ላይ ከምሰማቸው ነገሮች አንዳንዶቹ ግን ስህተት ናቸው፤ የሚጎዱትም ታማሚውን ነው።

«ኮምፒውተር ውስጥ ከገባ ስህተት የለም»

ኮምፒውተሩ የሚያውቀው የተጻፈለትን ብቻ ነው። እናቴ ለክትትል ስትሄድ የበፊት ውጤትሽ የለም ተባለች። ውጤቱ ግን ነበረ። ስሟ አንዴ ፋጡማ፣ አንዴ ፋጢማ ተብሎ ተመዝግቦ ሁለት ካርድ ወጥቶላት ነበር። እኛ ከተማ አንድ ስም በአማርኛ፣ በቁቤና በእንግሊዝኛ አጻጻፍ ሦስት መልክ ይይዛል። ስለዚህ የካርድ ቁጥራችሁን በስልካችሁ ፎቶ አንሱት።

ዕድሜም እንደዚያው ነው። በእኛ አቆጣጠር በ2015 የተወለደ ሕፃን አለ እንበል። ሲስተሙ የሚሠራው በፈረንጆች አቆጣጠር ሆኖ 2015 ተብሎ ከተጻፈ ልጁ ባንዴ ሰባት ወይም ስምንት ዓመት ይጨምራል። የክትባት ጊዜ በዕድሜ ይቆጠራል። ብዙ የላብራቶሪ ውጤትም በዕድሜ ይተረጎማል። መዝጋቢው ሲጽፍ «በየትኛው አቆጣጠር ነው?» ብላችሁ ጠይቁ። ነውር የለውም።

«አንዴ ከተመዘገብኩ የትም ሆስፒታል ታሪኬ ይታያል»

አይታይም። ጤና ሚኒስቴር የሚጠቀምበት ዲኤችአይኤስ ቱ የሚባለው ሲስተም በዋናነት ድምር ቁጥር ይሰበስባል፦ ስንት ሰው ወባ ተገኘበት፣ ስንት ሕፃን ተከተበ። የእናንተ የደም ግፊት ታሪክ እዚያ የለም። ከጤና ጣቢያ ወደ ጅማ ሕክምና ማዕከል ሪፈር ከተባላችሁ ወረቀቱን፣ የድሮውን ራጅና የላብራቶሪ ውጤት ይዛችሁ ሂዱ።

«ኤአይ ሐኪሙን ይተካል»

የዓለም ጤና ድርጅት በ2021 እ.ኤ.አ. የደረት ራጅ አይቶ ቲቢን የሚጠቁም የኤአይ ሶፍትዌር ለልየታ እንዲውል መክሯል። ምክሩ ዕድሜያቸው 15 ዓመትና ከዚያ በላይ ለሆኑ ነው። ሶፍትዌሩ ነጥብ ይሰጣል። ነጥቡ ከፍ ካለ «ይመርመር» ማለት ነው፤ «ቲቢ አለበት» ማለት አይደለም። ከዚያ በኋላ አክታ መመርመር አለበት። ራጅ የሚያነብ ባለሙያ በሌለበት ቦታ ይሄ ትልቅ እፎይታ ነው፤ እኔ ቢመጣልን ደስ ይለኛል።

«ውጭ አገር ከሠራ እዚህም ይሠራል»

ውጭ አገርም ሁሌ አይሠራም። አሜሪካ ውስጥ ሴፕሲስን፣ ማለትም ሰውነት ለኢንፌክሽን ከልክ ያለፈ ምላሽ ሰጥቶ የራሱን አካላት የሚጎዳበትን አደጋ፣ ቀድሞ እንዲያስጠነቅቅ በብዙ ሆስፒታሎች የተገጠመ ሲስተም ነበር። በ2021 እ.ኤ.አ. የሚሺጋን ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች በራሳቸው ሆስፒታል ታካሚዎች ላይ ሲፈትሹት ሴፕሲስ ከያዛቸው 67 በመቶዎቹን ሳያገኛቸው ቀርቷል። ጅማ ላይ አንድ ሲስተም ሲገጠም «በእኛ ሰው ላይ ተፈትኗል ወይ?» ብሎ መጠየቅ ተገቢ ነው።

«ኮምፒውተር ላይ ያለ መረጃ የማንም መጫወቻ ነው»

የግል ዳታ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016 የጤና መረጃን ልዩ ጥበቃ ከሚሹት ይመድበዋል። የተሳሳተ መረጃ እንዲታረም መጠየቅም መብት ነው። እኛም ጠየቅን። የእናቴ ሁለት ካርዶች አንድ ሆኑ። አሁን መስኮቱ ጋ ስትደርስ ከስሟ በፊት የካርድ ቁጥሯን ነው የምትናገረው።