በሜዲካል ስፓ የሚሰጥ የተጣመረ የውበት ሕክምና፦ አጠቃላይ ዳሰሳ

ሜዲካል ስፓ በሐኪም ኃላፊነት የቆዳና የፊት ውበት ሕክምና የሚሰጥበት ተቋም ነው። የተጣመረ ሕክምና የሚባለውም ለአንድ ታካሚ ሁለትና ከዚያ በላይ ዘዴዎችን በአንድ ዕቅድ፣ በአንድ ቀን ወይም በሳምንታት ልዩነት መስጠት ነው። ቦቶክስ የተባለው የመርፌ መድኃኒት በጡንቻ መኮማተር የሚመጣውን የግንባር መጨማደድ ያላላል፤ ፊለር፣ ማለትም ከቆዳ ሥር በመርፌ የሚገባ መሙያ፣ የጎደለውን የጉንጭ ሙላት ይተካል። የጠባሳና የቆዳ ቀለም ጉዳይ በአብዛኛው የሌዘር፣ የማይክሮኒድሊንግ (ቆዳን በጥቃቅን መርፌዎች መብሳት) እና የኬሚካል ፒሊንግ (የላይኛውን የቆዳ ሽፋን በኬሚካል ማንሳት) ድርሻ ነው።

ከእነዚህ ሁሉ ፒሊንግ የቆየው ነው። የዛሬው የቆዳ ሌዘር መሠረት የተጣለው እ.ኤ.አ. በ1983 ሲሆን፣ አንደርሰንና ፓሪሽ የተባሉ የቦስተን ተመራማሪዎች የብርሃኑን የሞገድ ርዝመትና ቆይታ በመምረጥ ዙሪያውን ሳይጎዱ የተፈለገውን ክፍል ብቻ ማሞቅ እንደሚቻል ያሳዩበት ዓመት ነው። ቦቶክስ ከዓይን ሕክምና የተገኘ ነው። የሳን ፍራንሲስኮው የዓይን ሐኪም አለን ስኮት ለዓይን መንሸዋረር ያዳበሩት ይህ መድኃኒት በ1989 በአሜሪካ ፈቃድ አገኘ። በቫንኩቨር ደግሞ የዓይን ሐኪሟ ዣን ካራዘርስ የዐይን ቆብ መኮማተር የነበረባቸውን ታካሚዎች ሲያክሙ በቅንድቦች መካከል ያለው መጨማደድ መለስለሱን ተገንዝበው፣ ከባለቤታቸው ከቆዳ ሐኪሙ አላስተር ካራዘርስ ጋር ውጤቱን በ1992 አሳተሙ። ለውበት አገልግሎት የአሜሪካ ፈቃድ የተገኘው በ2002 ነው፤ በ2003 መጨረሻ ሬስቲሌን የተባለው የሃያሉሮኒክ አሲድ ፊለር ተከተለ።

የማጣመር ሙያ በዋናነት የቅደም ተከተል ሙያ ነው። ሌዘርና መርፌ በአንድ ቀን ከተሰጡ፣ ሙቀቱና እብጠቱ መድኃኒቱን ወዳልታሰበ ጡንቻ እንዳያሰራጨው ሌዘሩ ይቀድማል። ቦቶክስ ሙሉ ውጤቱን የሚያሳየው በሁለት ሳምንት ገደማ ስለሆነ፣ ብዙ ሐኪሞች ፊለሩን ከዚያ በኋላ መጨመርን ይመርጣሉ፤ ሁለቱን በአንድ ቀጠሮ የሚሰጡም አሉ። ፒአርፒ፣ ማለትም ከታካሚው ከራሱ ደም የሚዘጋጅ በፕላትሌት የበለጸገ ፈሳሽ፣ ከማይክሮኒድሊንግ ጋር ሲጣመር ከታካሚው ክንድ የተቀዳው ደም በማሽን ይሽከረከራል፤ ከላይ የሚቀረው ቢጫማ ፈሳሽ በመርፌዎቹ በተበሳው ቆዳ ላይ ይቀባል። ለብጉር ጠባሳ ይበጃል የሚሉ ጥናቶች ቢኖሩም አዘገጃጀቱ ከቦታ ቦታ ስለሚለያይ ውጤቱን ማወዳደር ያስቸግራል።

ለእኛ የቆዳ ቀለም ጥንቃቄው ይበልጥ ጥብቅ ይሆናል። ለቆዳ ቀለም የሚሰጠው ሜላኒን የሌዘሩን ብርሃን ስለሚወስድ ጠይም ቆዳ በቀላሉ ሊቃጠል ይችላል፤ ስለዚህ ለፀጉር ማስወገጃ ሜላኒን እምብዛም የማይወስደው ባለ 1064 ናኖሜትር ኤንዲ ያግ ሌዘር ይመረጣል። ጠንካራ ፒሊንግና ሌዘር በአንድ ቦታ ላይ ተደራርበው ከተሰጡ የሚተዉት ጥቁረት ለወራት ሊቆይ ይችላል፤ ማድያት ያለበት ፊት ደግሞ በሙቀት ሊባባስ ይችላል። ይህን ከማንም በላይ የሚያውቁት በየዕለቱ ጠይም ቆዳ የሚያክሙ ሐኪሞች ናቸው፤ በአዲስ አበባ የአለርት ሆስፒታል በቆዳ ሕክምና ያካበተው ልምድም በዚህ ረገድ ሊከበር የሚገባው ነው።

የሃያሉሮኒክ አሲድ ፊለር የሚሰጥ ክፍል ሃያሉሮኒዳዝ የተባለውን የዚህን ፊለር ማሟሚያ በእጁ ሊኖረው ይገባል፤ ፊለሩ ወደ ደም ሥር ከገባ ቆዳን ሊያሞት፣ አልፎ አልፎም ዓይን ሊያሳውር ይችላልና። ሌዘርን በተመለከተ ደግሞ ከሙሉው ሕክምና በፊት በጆሮ ሥር ወይም በመንጋጋ ጠርዝ ትንሽ ቦታ ላይ ተሞክሮ፣ ቆዳው የሚሰጠው ምላሽ ለሳምንታት ይታያል።