የጦርነት መፈክር በከተማው ዳር

ከአዲስ አበባ በአምቦ መንገድ ወጥተው ቡራዩን ሲያልፉ ታጠቅ የሚባል ቦታ ያገኛሉ። ስሙን ያወጣለት ጦር ሰፈሩ ነው። በ1969 ዓ.ም. ሚያዝያ ላይ ደርግ «የእናት አገር ጥሪ» ብሎ ሲያውጅ፣ ከየገጠሩ የተሰበሰበው ሚሊሻ እዚህ ሰልጥኖ ወደ ግንባር ተላከ። ቁጥሩ 300 ሺህ ገደማ እንደነበር ይነገራል። የጦርነት መፈክር እንዴት እንደሚተረጎም ማወቅ የፈለገ ሰው ከዚህ ቢጀምር አይከፋም።

የዘመኑ መፈክሮች «አብዮታዊት እናት አገር ወይም ሞት» እና «ሁሉም ነገር ወደ ጦር ግንባር» ነበሩ። ግራ እጅ ተጨብጦ ወደ ላይ ይወጣል፤ አዳራሹ ተቀብሎ ያስተጋባል። ሁለተኛው መፈክር «ሁሉም» ይላል እንጂ ምን ምን እንደሆነ አይዘረዝርም። ዝርዝሩ በኋላ በቀበሌ በኩል ይመጣል፦ መዋጮ፣ ስንቅ፣ ልጅ። የከተማው ዳር ገበሬ መፈክሩን የተረጎመው በዚህ ዝርዝር ነው።

መጀመሪያ ላይ ብዙ ክርክር አልነበረበትም። የሶማሊያ ጦር ድንበር ጥሶ ገብቷል፤ የካቲት 26 ቀን 1970 ካራማራ ላይ ድል ሆነ። ነገሩ የተበላሸው ያው መፈክር ወደ ኤርትራና ወደ ትግራይ ሲዞር ነው። እዚያ ያለው ተዋጊ የውጭ ወራሪ አይደለም፤ ያገር ልጅ ነው። በ1975 የብሔራዊ ውትድርና አዋጅ ወጣ፣ ቀጥሎ አፈሳው መጣ። ልጇ ከገበያ መልስ የታፈሰባት እናት «እናት አገር» ሲባል ምን እንደሚሰማት መገመት አያዳግትም።

የተነገረው ከተደረገው ጋር ሲጋጭ ደግሞ መፈክሩ ቀልድ ይሆናል። «ኢትዮጵያ ትቅደም፣ ያለ ምንም ደም» ተብሎ ሳይቆይ፣ ኅዳር 14 ቀን 1967 ወደ 60 የሚጠጉ ባለሥልጣናት ተረሸኑ። ከደርግ መጨረሻ ሰው የማይረሳው «እስከ አንድ ሰውና እስከ አንድ ጥይት» የሚለውን ነው። ኮሎኔል መንግሥቱ ግንቦት 13 ቀን 1983 ከአገር ሲወጡ፣ ያ አንድ ሰው ማን ሊሆን ነው የሚለው ጥያቄ ለወታደሩ ቀረ።

የ2013ቱ ጦርነት ክርክሩን ከስሙ ጀመረው። መንግሥት «ሕግ ማስከበር» አለው፤ ሕወሓት በትግራይ ሕዝብ ላይ የተከፈተ ጦርነት አለው። ጦርነቱ ሲሰፋ ደግሞ «የህልውና ዘመቻ» ተባለ። ሕግ ማስከበር የፖሊስ ሥራ ነው የሚመስለው፤ ህልውና ግን ሰውን ሁሉ ያስነሳል። ስሙ የተቀየረው ከግንባሩ ጋር ነው።

ይህ ሁሉ በየካ አባዶ፣ በጀሞ፣ በኮዬ ፈጬ ኮንዶሚኒየሞች ለየት ብሎ ነው የተሰማው። እነዚህ ሰፈሮች ሰውን በዘር ወይም በአገር ልጅነት አላሰፈሩም፤ ዕጣ ነው ያገናኘው። አንድ ደረጃ ላይ የመቀሌው፣ የጎንደሩና የወለጋው ሰው በር ለበር ናቸው። «ጁንታ» ሲባል ባለሥልጣናቱ የሕወሓትን አመራር ነው፣ የትግራይን ሕዝብ አይደለም ይሉ ነበር። ብዙ የትግራይ ተወላጅ ግን ቃሉን ወደ ራሱ ነው የወሰደው። ጥቅምት 23 ቀን 2014 የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ ከታወጀ በኋላ በከተማዋ ብዙ የትግራይ ተወላጆች ሲታሰሩ፣ የባለሥልጣናቱ ማብራሪያ ሰሚ አጣ። የመፈክር ፍቺ በመግለጫ አይጸናም፤ ማታ የማን በር ተንኳኳ የሚለው ይበልጠዋል።

በዚያው ሰሞን «በቃ» የሚለው መፈክር መጣ። ጥቅምት 28 መስቀል አደባባይ የወጣው ሰልፈኛ የምዕራባውያንን ጫናና ሚዲያ እያወገዘ ነበር። ይኸው ቃል ግን ግንቦት 20 ቀን 2003 ኢሕአዴግን ለመቃወም ሰልፍ ተጠርቶበታል። ጦርነቱ ራሱ ይብቃ የሚልም ነበር፤ ግን ጮክ ብሎ አይደለም። ያኔ «ጦርነት ይቁም» ማለት ከማን ወገን ነህ የሚያስብል ነገር ነበር። ልክ በዓመቱ፣ ጥቅምት 23 ቀን 2015፣ የፕሪቶሪያው ስምምነት ተፈረመ። ትናንት የሚያስጠረጥረው ንግግር የመንግሥት ንግግር ሆነ። አስታርቁ ሲሉ የተወቀሱ ሰዎች ይቅርታ ሲጠየቁ ግን አልሰማሁም።

ክርክሩ እዚህ አካባቢ ፊት ለፊት አይካሄድም። በስብሰባ ይጨበጨባል። ወሬው የሚጀመረው ሚኒባስ ውስጥ፣ ከእድር ድንኳን ኋላ፣ ቡና ላይ ነው። መፈክሩን ውሸት ነው የሚል አይኖርም። «ይሁን፣ የማን ልጅ ነው የሚሄደው?» ይባላል። ወይ «እሳቸውስ ልጃቸውን ላኩ?»። ወይ ዝም ይባልና ጨዋታው ወደ ዘይት ዋጋ ይዞራል። ሰፈሩን የማያውቅ ሰው ዝምታውን ስምምነት ያደርገዋል፤ እዚህ ዝምታ ብዙ ጊዜ ተቃውሞ ነው። አዲስ አበባ የኖረ ሰው ይሄን ሳይነግሩት ያውቃል።

ከጥቅምት 2016 ወዲህ ደግሞ ዋናው ክርክር የባሕር በር ነው። ጠቅላይ ሚኒስትሩ ጉዳዩን በይፋ ካነሱ በኋላ፣ ፍላጎታችን በሰላማዊ መንገድ ነው የሚለው በተደጋጋሚ ተነግሯል። አንዱ «በሰላም» የሚለውን ይዞ ይሄዳል፣ ሌላው «ባሕር» የሚለውን። አሰብን በወደብነቱ የሚያስታውስ ጡረተኛ ጥያቄው ተገቢ ነው ይላል፣ እውነትም አለው። በ1990 በተነሳው የባድማ ጦርነት ልጁን ያጣ ቤተሰብ ደግሞ ስለ ወደቡ ብዙ አያወራም። ወረዳው ምዝገባ ጀምሯል ወይ ብሎ ይጠይቃል።